የፈረሱ ኋላ የት ቀረ

እኔ ቶሎ የምደነግጥ ሰው ነኝ። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፤ ወተት ሲገነፍል እደነግጣለሁ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባጃጅ ከኋላዬ ክላክስ ሲያደርግ ዘልዬ ቦይ ውስጥ የገባሁበት ቀን አለ። ተማሪዎቼ ይህን አመሌን ስለሚያውቁ ሆን ብለው ወንበር ይጎትቱብኛል። ስለዚህ ደነገጥኩ ስል ሰው ብዙም ከቁም ነገር አይቆጥረኝም። ያን ቅዳሜ የደነገጥኩት ግን እንደዚያ አልነበረም።

ገበያ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። የደወሉልኝ ከአንኮበር ወረድ ብላ ያለች የአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረት ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው፤ አንዲት ጧፍ ብትጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። እንደ ወትሮው የዘመድ አዝማዱን ደኅንነት አልጠየቁኝም።

«ልጄ፣ የፈረሱ ኋላ የት ቀረ?» አሉኝ።

የምን ፈረስ አልኳቸው። የሰማዕቱ ፈረስ ነዋ፣ አሉ። አባቴ የሣለውንና እኔ ያደረስኩላቸውን ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። የፈረሱ ራስ አለ፣ አንገቱ አለ፣ የፊት እግሮቹ አሉ፣ ፈረሰኛው ሰማዕትም ኮርቻው ላይ አለ። ከኮርቻው ወዲያ ግን ፈረስ የለም። ከፊት ያለው ዛፍም ጫፍ የለውም። ጨርቁ ተቆርጧል። ከዚያ ቄሰ ገበዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሕዝቡ ማጉረምረም እንደ ጀመረ፣ ሥዕሉን ተሸክማ የመጣችው እኔ ስለሆንኩ የቀረውን ግማሽ ይዤ ብመጣ ነገሩ በእንጭጩ እንደሚቀር ነገሩኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። የመረጥኩትን ሽንኩርት መልሼ ክምሩ ላይ ደፋሁት። ሰዎቹ በሌላ አነጋገር የሰማዕትን ሥዕል ቆርጣ ሸጠች እያሉኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከመሬት ተነሥተው አይደለም። በየአገሩ መስቀል ተሰርቋል፣ ብራና ጠፍቷል፤ የገጠር ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን የሥዕል ታሪክ አስተምራለሁ፤ ያለፈው ዓመት አንድ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባዬን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ነበር። ሰውዬው ባየው ሥዕል ሁሉ ሲገረም፣ ፎቶ ሲያነሣ፣ ግድግዳውን ሊበላው ደርሶ ነበር የዋለው። ያን ያዩ ሁሉ አሁን ነገሩን ገጣጠሙት። የፈረስ ኋላ ብቻ የሚገዛ ፈረንጅ ምን ዓይነት ፈረንጅ ነው ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልተገኘም።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንኮበር ቤቱ ውስጥ አቡጀዲ ወጥሮ ሲሥል ኖሯል፤ ሥዕሉ ሲያልቅ ጨርቁ ይጠቀለላል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወሰዳል፣ ግድግዳ ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋል። አሁን እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ይህን የሰማዕቱን ሥዕል ሲጀምር የመጨረሻዬ ነው ብሎናል። ቦታውንም ራሱ ነው የመረጠው፤ በሴቶች በር ገባ እንደተባለ፣ ሥዕሉ የሚለጠፍበት ግድግዳ ከደቡቡ የውጭ ግድግዳ ጋር ከሚጋጠምበት ማዕዘን ሥር። ክረምቱን በሙሉ በሩን ዘግቶ ሠራ። ያላለቀ ሥራ ለሰው ማሳየት አይወድም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሲያልቅ ጠቅልሎ በክር አስሮ ሰጠኝ። ጉልበቱን ስለሚያመው ቁልቁለቱን መውረድ አልቻለም። ከማዕዘኑ ጋር አስጠግተው ይለጥፉት፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዳይተዉ ብለሽ ንገሪልኝ አለኝ፤ ነገርኳቸው። ጥቅሉን አልፈታሁም። የእኔ ድርሻ ይኸው ነበር።

ነገሩ ግን የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፣ በፋሲካ ሰሞን፣ በአንድ የሥዕል አልበም።

አልበሙን የሰጠኝ ያው ግድግዳ ሊበላ የነበረው ባልደረባዬ ነው፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣው አልዘጋ ብሎት። በውስጡ አንድ የሆላንድ ሠዓሊ ሥዕሎች አሉ። ይህን ሠዓሊ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ዛፉን እያሳየሁ፣ ቢጫውን እያሳየሁ፣ ይህ ከሌላ ከማንም የመጣ አይደለም፣ ከገዛ ሆዱ ያወጣው ነው እያልኩ በስሜት ተናግሬለታለሁ። የጃፓን ሥዕሎች ተጽዕኖ አድርገውበታል የሚል ዓረፍተ ነገርም ማስታወሻዬ ላይ አለ፤ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ እኔም ትክክል እልላቸዋለሁ። ተጽዕኖ የሚለው ቃል ግን ምን እንደሚመስል በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

አልበሙን ስገልጥ በግራ ገጽ አንድ የጃፓን ሥዕል ተቀምጧል፤ እነሱ በእንጨት ላይ ቀርጸው፣ ቀለም ቀብተው፣ ወረቀት ላይ እያተሙ ለሕዝቡ በርካሽ ከሚሸጧቸው ሥዕሎች አንዱ። የአበባ ዛፍ ነው። በቀኝ ገጽ የእኔ ሠዓሊ በዘይት ቀለም የሠራው ሥዕል አለ። ያው ዛፍ ነው። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ያው ነው። ቀጥሎ ዝናብ የሚዘንብበት ድልድይ አለ፤ ያውም ያው ነው፣ ሰዎቹ ከዝናቡ ጎንበስ ያሉበት አጎነባበስ ሳይቀር። እንዲያውም አንዱን ሥዕል በካሬ በካሬ ከፋፍሎ መስመር በመስመር ነው ያሻገረው። ዳርና ዳሩን ደግሞ በጃፓን ፊደል ሞልቶታል፤ ፊደሉን ማንበብ አይችልም፣ መልኩን አይቶ ብቻ ነው የገለበጠው። የማከብረውን ሽማግሌ የሰው ጎተራ ውስጥ እጁን ከትቶ ያየሁት ያህል ደነገጥኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ምን እያልኩ ነው የኖርኩት?

ድንጋጤ ብቻዬን ስለማይሆንልኝ አልበሙን ተሸክሜ አንኮበር አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

አባቴ አልደነገጠም። ሰው ታዲያ በምን ይማራል? አለኝ። እሱም የመምህሩን ሥዕል እየገለበጠ ነው ያደገው፤ መምህሩም የመምህሩን። ገልብጦ ገልብጦ የመምህሩ እጅ እጁ ውስጥ ሲገባ ነው የራሱ የሚመጣው። የጃፓኖቹን ሥዕሎች ግን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አያቸው። ዙሪያቸውን በጥቁር መስመር ይከባሉ፣ ቀለሙን ጥላ ሳያደርጉ ልሙጥ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ እነዚህ ሰዎች የእኛ ዘመዶች ናቸው አለኝ። እኔ በዚያም ደነገጥኩ። ሆላንዳዊው ከባሕር ማዶ የፈለገው ነገር አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ።

እሱን ያስደነገጠው ዛፉ ነበር። በዚያ የጃፓን ሥዕል ላይ ግንዱ ከፊት ለፊት ግጥም ብሎ ቆሟል፤ ከላይ ጫፍ የለውም፣ ከታች ሥር የለውም፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። አባቴ ገጹን አነሣና ከጀርባው አየ። ከዚያ የገጹን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ማን ቆረጠው?» አለ።

አልበሙን ያተሙት ሰዎች የቆረጡት መስሎት ነበር። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ማንም አልቆረጠውም አባዬ፣ ሠዓሊው እንዲያ ነው የሣለው፤ በመስኮት ስትመለከት መስኮቱ ዛፉን ይቆርጠው የለም? አልኩት። አውሮፓውያኑም መጀመሪያ እንዳንተ ደንግጠው ነበር፣ ኋላ ግን ለመዱትና ጀልባውንም ሰውንም ከሥዕላቸው ጠርዝ ላይ ይቆርጡት ጀመር ብዬ አስተማርኩት። ይህን ማለቴ ቀላል ነገር አልነበረም። ልጅ ሆኜ የሣልኩት ጻድቅ እግሩ ከወረቀቱ ቢያልፍብኝ፣ የጻድቅ እግር ከወረቀት አይወጣም ብሎ እንደ አዲስ ያስጀመረኝ እሱ ነው። በእነሱ ሙያ ቅዱስ ሙሉ ነው፤ ሁለት ዓይኑም ይታያል፤ በጎን የሚሣለውና አንድ ዓይን ያለው ክፉው ብቻ ነው።

አባቴ ገጹን ራቅ አድርጎ አየው፤ መልሶም አቀረበው። ከዚያ «ዛፉ አልተቆረጠም። እኛ ነን የቀረብነው» አለኝ። አልበሙን ትተሽልኝ ሂጂ አለ። የአንኮበር ክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፣ መውጫ የለም፤ ጊዜ ማሳለፊያ ይሁነው ብዬ ተውኩለት።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ሽንኩርቴን ትቼ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ይህን ሁሉ አላሰብኩትም። የማስበው ጨርቁን ማን እንደ ቆረጠው ብቻ ነበር። መንገድ ላይ ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ ማን መሆኔን ሳያውቁ ለጎረቤታቸው ወሬውን ያወርዱት ነበር። ሌባዋ የሠዓሊው የገዛ ልጅ ናት፣ የተማረች ናት አሉ። ቀጥለውም የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ብለው ተረቱብኝ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዚያ ዓመት ጉድ እኔ ነበርኩ።

አባቴን ጋቢውን ለብሶ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት። ሰላም ሳልለው ጮህኩበት። ሥዕሉን ሙሉ አድርገህ ነው የሰጠኸኝ? አልኩት። ሙሉ ነው አለኝ። ታዲያ የፈረሱ ኋላ የት ገባ?

«አልሣልኩትም» አለ።

አልበሙ አጠገቡ ነበር፤ የገጾቹ ጠርዝ ቀለም በነካ ጣት ተጎሳቁሏል። ሌባ ስባል እንኳ እንደዚያ አልደነገጥኩም። የጻድቅን እግር ከወረቀት አላስወጣም ያለ ሰው የሰማዕቱን ፈረስ ከወገቡ አስቀርቶታል፤ ያውም በመጨረሻው ሥዕሉ፣ ያውም እኔ ባመጣሁት አልበም። ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ ብነግርሽ ታስተምሪኝ ነበራ አለኝ።

በማግሥቱ እሑድ በቅሎ ለምነን እሱ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ወረድን። ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። እኔ ከሰው ዓይን ለመሸሽ በሴቶች በር ወደ ውስጥ ገባሁ። ሥዕሉን ያየሁት ያኔ ነው።

ወደ ጎን ዘለልኩ። አመሌ ነው ብትሉኝ አልከራከርም፤ ግን ከፈረስ መንገድ እንደሚሸሽ ሰው ነው የዘለልኩት። ፈረሱ ከማዕዘኑ ግድግዳ ውስጥ ወጥቶ ይመጣ ነበር። ሰማዕቱ ከዘንዶው ያዳናት ልጅ ያለችበት ዛፍ፣ ያ በሁሉም ሥዕል ላይ ዳር ተቀምጦ የምናውቀው ትንሽ ዛፍ፣ ከፊት ለፊቴ ግጥም ብሎ ቆሟል፤ ጫፉ ወደ ጣሪያው ሄዷል፣ ሥሩ እግሬ ሥር ገብቷል። በግንዱ ጀርባ የፈረሱ ደረት ያልፋል። ሰማዕቱ ሙሉ ነው፤ ሁለት ዓይኑ ያየኛል፣ ስሙም ከራሱ በላይ በደንብ ተጽፏል። ከኮርቻው ወዲያ ግድግዳ ነው። መስመሩ አንዳንድ ቦታ ተንቀጥቅጧል፤ የእጁ መንቀጥቀጥ ለጋማው ነፋስ ሆኖለታል። የአባቴን ሥዕል ሳይ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ውጭ ሸንጎው ተጀመረ። ቄሰ ገበዙ መጀመሪያ የእኔን ነገር አነሡ፤ አባቴን በሕዝቡ ፊት ጨርቁ እንዳስረከበው መሆኑን ጠየቁት፣ እሱም ነው አለ። እኔ ነፃ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ የተረቱብኝን ሴትዮ በዓይኔ ፈለግኋቸው፤ አልነበሩም። ደስታዬ ግን አልቆየም። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ኋላ የሌለው ፈረስ ሰማዕቱን እንዴት አድርጎ ይሸከማል፣ ይህን ያየ የሌላ አጥቢያ ሰው ምን ይለናል አሉ። ሌላው ቀላል ነው፣ ሌላ ሠዓሊ ይምጣና በጎን ባለው ግድግዳ ላይ ኋላውን ይቀጥልበት አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር። የመጨረሻ ሥዕሉን በሌላ ሰው እጅ ሊቀጥሉበት ነው፤ ከማዕዘኑ ወጥቶ የሚመጣውን ፈረስ ግድግዳ ላይ እንደ ቀበቶ ሊያጥፉት ነው።

መናገር አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ስለ ጃፓን ጀመርኩ፤ ከጃፓን ወደ ሆላንድ ተሻገርኩ። አንድ አረጋዊ በትሕትና አቋርጠውኝ፣ ልጄ፣ ጃፓኖች ሰማዕቱን ያውቁታል ወይ? አሉኝ። አያውቁትም አልኩ። ተቀመጥኩ።

ከዚያ አባቴ ሳይነሣ ተናገረ።

«ፈጥኖ ደራሽ ትሉታላችሁ። ስትጨነቁ ድረስልን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ። የሚደርስ ሰው ሁለመናው አንድ ጊዜ አይገባም፤ ፊቱ ይቀድማል። ኋላው ገና ደጅ ነው።»

ተሳለምን፣ ካህናቱ ጸሎት አደረሱ፣ ቄሰ ገበዙ ሥዕሉ እስከ ሰማዕቱ በዓል እንዲህ ይቆይ፣ እስከዚያ ሠዓሊ እናፈላልጋለን ብለው ሸንጎውን በተኑት። ፍርዱ ያው ነው፤ ቀን ነው የተጨመረለት። ቤት ስንደርስ አባቴ አልበሙን አነሣና «ይህን ውሰጂልኝ» አለኝ። በአባቴ ላይ የደረሰውን ነገር ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ አልበሙን ደብረ ብርሃን ወስጄ ቁም ሣጥን ላይ ወረወርኩት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሆላንዳዊ ሳስተምር ድምፄ ይሰበር ነበር፤ ተማሪዎቼ ጉንፋን የያዘኝ መሰላቸው።

የበዓሉ ዕለት አባቴን መልሼ አወረድኩት። ቅር ብሎኛል፣ አልሄድም አላለም፤ በዓል ነው። ሠዓሊ እንደ ተገኘና ከበዓሉ በኋላ ሥራ እንደሚጀምር ሰምተናል። ሥዕሉን እንዳለ የሚያየው ለመጨረሻ ጊዜ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ከቅጥሩ ስንገባ በደቡብ በኩል፣ ውጭ፣ ከማዕዘኑ ባዶ ግድግዳ ሥር ሴቶች ተሰልፈው አየሁ። እዚያ በር የለም። ሥዕል የለም፣ መስቀል የለም፤ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ብቻ ነው። በአጥቢያችን የሚሳለሙት በሩን ነው፣ መቃኑን ነው፣ እዚያ ማዕዘን ሥር ዝናብ ካልመጣ የሚቆም ሰው አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ ግን አንድ በአንድ እየቀረቡ ግድግዳውን አንድ ቦታ ላይ ይስማሉ፣ ግንባራቸውን ያስነካሉ፣ ይመለሳሉ። ቦታው የፈረስ ጎን ከፍታ ላይ ነው። ኖራው በጸጉራቸው ቅቤ ወዝቷል። አንዲት እናት የታመመ ሕፃን አቅፈው የልጁን ጀርባ ግድግዳው ላይ ቀስ አድርገው ያሻሹት ነበር።

እዚህ ምን አለ እናቴ? አልኳቸው። ይህችስ ምን ነካት በሚል ዓይን አዩኝ።

«ኋላው እዚህ ነው» አሉኝ።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት ተጽዕኖ ተጽዕኖ ስል የጃፓን ወረቀት በሆላንድ አልፎ አንኮበር ሥር የሴቶች ከንፈር ይደርሳል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

ቄሰ ገበዙ በአጠገባችን ቆመው ሰልፉን ያዩ ነበር። ፊታቸው የታመመ ሰው ፊት መስሏል። አባቴን መሪጌታ ብለው ጠሩትና ይህ ነገር ከዚያ እሑድ ወዲህ እንደ ጀመረ፣ አትሳለሙ ብሎ መከልከል እንዳልሆነላቸው ነገሩት። ትናንት ለሠዓሊው ደውለው እንዳይመጣ ነግረውታል።

«ኋላውን ውስጥ ካሣልነው፣ እነዚህ ውጭ ምን ሊሳለሙ ነው?» አሉ።

አባቴ ለብዙ ጊዜ ግድግዳውን አየ። እኔ እንኳ ይህን አላየሁትም አለ፣ ለእኔ ይሁን ለቄሰ ገበዙ ሳይለይ። ሊስቅ ወይም ሊያለቅስ ነው ብዬ ስጠብቅ ከዘራውን ሰጠኝ። ባዶ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ፣ በሚያመው ጉልበቱ እያነከሰ፣ ሄዶ ከሴቶቹ ኋላ ተሰለፈ።